ጾሙን ከሐኪም፣ መርፌውን ከካህን

እህቴ ጫልቱ ልትቆርብ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በወጣችበት ዕለት፣ ከሁለታችን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቱ ከማንበብ ጋር ስለተያያዘ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንዲህ ያለውን ጥፋት አያጠፋም ነበር፤ አንብቦ የበሰለም አያጠፋውም። መሐል መንገድ ላይ የቀረሁት እኔ አጠፋሁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። የምንኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ጥግ፣ ሁለት ክፍል ባላት የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። ጫልቱ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል በጀርባዋ እያወረደች። አግብታ ነበር፤ ባሏ ቶሎ ሞተባት፣ ልጅም አልወለደች። እሷ እኔን "አስኩ" ስትለኝ፣ እኔ እሷን "እትዬ" ስላት ኖርን።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ቀበሌያችን ሲደርስ። እትዬም ሁለት ቀን መጥታ ተወችው። የአንቺ ዓይን ለሁለታችን ይበቃል አለችኝ። እኔ በማታው ትምህርት ቀጠልኩና በሠላሳ ዓመቴ ሰባተኛ ክፍል ደረስኩ። ሥራዬ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጽዳት ነበር። አቧራውን የጠረግሁለትን መጽሐፍ ሁሉ ገልጬ ሳላይ አልመልሰውም። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ የተጻፈ ነገር ያሰክረዋል። በዚያ ላይ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር በልኩ ካልሆነ የማይዋጥልኝ ሰው ነኝ። ጎረቤቶቻችን "አስካለ ሚዛን" ይሉኝ ነበር። ስላቅ መሆኑ ሳይገባኝ እንደ ምስጋና እቆጥረው ነበር።

እትዬ የስኳር በሽታ እንዳለባት የታወቀው ልትቆርብ ከወጣችበት ክረምት በፊት በነበረው ዓመት ነው። ውሃ አላረካት አለ፣ ቀሚሷ ሰፋት፣ አንድ ቀን እንጨቷን ከመንገድ ጥላ መጣች። ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ በየቀኑ የምትወጋው መርፌ ታዘዘላት። የጤና ጣቢያችን ሲስተር አወጋጉን አስተማረችኝ። መርፌውን ቀቅዬ፣ መድኃኒቱን እስከ መስመሩ ስቤ፣ አረፋውን አውጥቼ እወጋታለሁ። ብልቃጡ እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ በያዘ ገንቦ ውስጥ አኖረዋለሁ። ካርዷ ላይ በሰማያዊ ቀለም እንዲህ የሚል ተጽፎ ነበር፦ "ጠዋት 1 ሰዓት መርፌ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁርስ።" ሁለት መስመር ነው። ሁለቱንም በቃሌ አውቃቸው ነበር።

በየሁለት ሳምንቱ ሽንቷ ይመረመራል። ከአንድ ሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ያፈሉታል፤ ስኳር ከሌለ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፣ እየበዛ ሲሄድ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ መጨረሻ ላይ የሸክላ መልክ ያወጣል። የእትዬ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነበር። ሸክላ የሆነ ቀን ግን እስከ ቤት ድረስ አላናግራትም። እሷም የጥፋተኛ አካሄድ እየሄደች ከኋላዬ ትከተለኛለች።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል እትዬ አንድ ነገር ለመነችኝ። ቁርስ እንዳትተው ስለተነገራት ሁዳዴን ጠዋት ጠዋት እየቀመሰች ነበር ያሳለፈችው፤ ከጎረቤት ተደብቃ፣ በሩን ዘግታ። "አስኩ፣ ይህችን አሥራ አምስት ቀን እንኳ እንደ ሰው ልጹማት" አለችኝ።

አሰብኩበት። እንደ ተማረ ሰው አሰብኩ መሆኑ ነው። ደብተር አውጥቼ ጻፍኩት። ስኳር የሚመጣው ከምግብ ነው። ምግብ ከቀነሰ ስኳር ይቀንሳል። መርፌውም ስኳር ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱ ቢተባበሩ በሽታው መግቢያ ያጣል። ጽፌ ስጨርስ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ አንድም ስሕተት አጣሁበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንድትጾም፣ መርፌዋን ግን እንደተጻፈው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንድትወስድ ወሰንኩ። ቁርስ የሚለውን ሁለተኛውን መስመር እንደ ምክር፣ መርፌ የሚለውን የመጀመሪያውን እንደ ሕግ ቆጠርኩት።

ጾሙ ተስማማት። ይህን ብደብቅ እንደገና ማጉደል ይሆንብኛል። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትቀምስም፣ ከዘጠኝ በኋላ በልክ ትበላለች። በአራት በአምስት ቀን ውስጥ ሆዷ ቀለላት፣ ከምግብ በኋላ ይጫናት የነበረው ድብታ ለቀቃት፣ ፊቷ ላይ ደስታ አየሁ። ከሁሉ በላይ ከጎረቤት ጋር እኩል ሆነች። እኩለ ቀን ሲቃረብ ግን ላብ ላብ ይላታል፤ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ እንዝርቷን ታስቀምጥና ጋደም ትላለች። ይለመዳል እላታለሁ። ለእኔ ስጾም የሚሰማኝ ድካም የእሷም መሰለኝ። እኔ መርፌ እንደማልወጋ ትዝ አላለኝም።

በስምንተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄድን። ፈሳሹ ፈላ፤ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ሲስተሯ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ይዛ ደጋግማ አየችው።

"ምን አድርጋችሁ ነው?" አለች።

እትዬ ዞር ብላ አየችኝ። ምግቧን ቀንሰናል፣ ተጠንቅቀናል አልኳት። ሲስተሯ ደስ አላት። ቁርሷን ግን እንዳታስቀሪ ብላ ልትቀጥል ስትል ከወረፋው አንዲት እናት ልጇን ይዛ ገባችና ወደዚያ ዞረች። እኔ ካርዱን ተቀብዬ ወጣሁ። አልዋሸሁም፣ ያልተጠየቅሁትን አልተናገርኩም እያልኩ ለብዙ ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ። እውነቱ፣ ጾሙን ብነግራት እንደምታስፈታት አውቅ ስለነበር ነው ቶሎ የወጣሁት።

ያ ሰማያዊ ቀለም እትዬን አደፋፈራት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ልቁረብ እያለች ዛሬ ነገ ስትል የኖረች ሴት፣ በዚያው ቀን ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ አለች። እሳቸው ሰምተው ደስ ቢላቸውም ሕመሟን አልዘነጉም። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸናበት ነገሯት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ሐኪሙ ምን አለ ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ምርመራዋ ንጹሕ ሆኗል አባ። ጾሙ መድኃኒት ሆኖላታል" አልኳቸው።

በየቀኑ መርፌ እንደምትወስድ አላነሳሁም። ባነሳው ጥያቄ እንደሚያበዙ፣ ጥያቄው ከበዛም ፈቃዱ እንደሚቀር ገምቻለሁ። እንግዲያስ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አሉና ቀኑን ቆረጡልን። እንዲህ አድርጌ ጾሙን ከሐኪሟ፣ መርፌውን ከካህኗ ደበቅሁ። ሁለቱም ደግ ሰዎች ነበሩ። አንዳቸው ሙሉውን ቢሰሙ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

የምትቆርብ ሰው አሥራ ስምንት ሰዓት ከእህልና ከውሃ መራቅ አለባት። ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚያልቅ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ካልቀመሰች ይበቃት ነበር። እኔ ግን እንዳይጎድል ብዬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰሐኑን አነሳሁባት። ገና አልጠገበችም ነበር። ሦስት ሰዓት ጨመርኩላት፤ ለጽድቅ የሚመረቅ መስሎኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጋኋት። የሚደማ ሰው አይቆርብምና ጭንቀቴ ሁሉ እሱ ላይ ነበር። መርፌውን ነቅዬ ጥጡን ረጅም ጊዜ ያዝኩበት፤ ወደ ብርሃን ወስጄም አገላበጥኩት። ነጭ ነው፣ ጠብታ የለበትም። ተመስገን አልኩ። ዛሬ ሳስበው ያን ጠዋት የተጠነቀቅሁት በአንዲት ጠብታ ደም ነው።

ነጭ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በሦስት ሰዓት ወጣን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ዳገቱ ያዳልጣል። ከባሕር ዛፎቹ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የምትፈታበትን ዳቦና ቆሎ በከረጢት ይዣለሁ። እትዬ መጀመሪያ ላይ ጨዋታዋ ሌላ ነበር። ይህን ዳገት ሸክም ሳልይዝ ስወጣው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፣ ዳገቱም አላወቀኝም አለችና ሳቀች። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገድ እየለቀቁ "እመት ጫልቱ፣ ዛሬ ሙሽራ ሆነሻል እኮ" ሲሏት፣ "ሙሽራው ላይ ቤት ይጠብቀኛል" እያለች መለሰችላቸው።

ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ብርድ ነው፣ እሷ ግን ግንባሯ በላብ ርሷል።

"አስኩ፣ ዓይኔ ነገሩን ሁሉ ሁለት ሁለት እያደረገ ያሳየኛል። ሁለት አስካለ ቆማለች" አለች። ቆየት ብላም "አንዷም በዝታብኝ ነበር" ብላ ፈገግ አለች።

እኔም ሳቅሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ተኩል ነው። አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ቀረሽ አልኳት። እጇን ይዤ አስነሳኋት። እጇ እንደ ክረምት ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ደርሰን በሴቶች በኩል ቆምን። ስድስት ሰዓት ላይ ቅዳሴ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ሰዓት መቋሚያዋን ተደግፋ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ነገሯ ይለዋወጥ ጀመር። አጠገቧ ያለችውን ሴት ለምን ትገፊኛለሽ ብላ ተቆጣቻት፤ ሴትዮዋ አልነካቻትም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውልቃ ጣለች። እትዬ በቤተ ክርስቲያን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። ደግፌ ወደ ቅጥሩ ጥግ አወጣኋት፤ ከዛፍ ሥር አስቀመጥኳት። ሁለት ሦስት ሴቶች ተከትለውን ወጡ።

ያን ጊዜ በኦሮምኛ መናገር ጀመረች። ኦሮምኛ የእናታችን ቋንቋ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ከአማርኛ ሌላ ተነግሮ አያውቅም፤ እትዬ ረስታዋለች እል ነበር።

"ነ ቤላኤ" አለች። "ነ ቤላኤ።"

አንዷ ሴት አማተበች። "መንፈሱ ተናገረ። ልሳን ለወጠባት" አለች። ሌላዋ ጠበል ልታመጣ ሄደች። ሦስተኛዋ ትከሻዋን ይዛ ልቀቃት፣ ውጣ እያለች ትቆጣ ጀመር።

መንፈስ አልነበረም። እኔ ገብቶኛል። ራበኝ ማለቷ ነው፤ በአራት ዓመቴ እኔ ለእሷ የምላትን ቃል መልሳ ለእኔ እያለችኝ ነው። እጇ ወደ ከረጢቱ ተዘረጋ። የዳቦው ሽታ ደርሷት ይሆናል፣ እንጃ። ከረጢቱን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዞርኩት።

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህን መስመር ስጽፍ ሦስት ጊዜ ሰርዤው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በችኮላና በድንጋጤ የሆነ ነው፤ ሰው ይቅር ሊለኝ ይችላል። ከረጢቱን ያዞርኩት ግን ተረጋግቼ፣ ሰዓቴን አይቼ ነው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ይላል። አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ቀርቷታል። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቃ በዚች ብትሰናከል ነገ እኔኑ ትወቅሰኛለች ብዬ አሰብኩ። ስለ እሷ እያሰብኩ ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው።

ጠበሉ መጣ፣ ፊቷ ላይ ተረጨ። እትዬ ተንዘፈዘፈች፤ ዓይኗ ተገለበጠ፣ ወደ ጎን ወደቀች። ሴቶቹ ሊለቃት ነው ብለው እልል አሉ።

ጩኸቱን ሰምቶ አንድ ሰው ከመንገዱ መጣ። ከድር ይባላል፤ ስሙን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከጫካው ግንድ የሚያመላልስ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከቅጥሩ በር ላይ በጫማዬ ልግባ አልግባ እያለ ሲያመነታ አየሁት። ከዚያ ገባና እትዬ አጠገብ ተንበረከከ። ግንባሯን ነካ፣ ላቧን በጣቱ አየ።

"እህቴ፣ ይህች ሴት የስኳር ሕመም አለባት?"

"አለባት።"

"መርፌ ትወጋለች?"

"ጠዋት ወግቻታለሁ።"

"በልታለች?"

"ልትቆርብ ነው" አልኩት። "ከትናንት ጀምሮ አልቀመሰችም።"

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ መኪናው ሮጦ የሻይ ቴርሞስ ይዞ ተመለሰ። ክዳኑ ላይ ቀዳው፤ ስኳሩ የበዛ ሻይ ነው፣ ሽታው ይጣራል። ወደ ከንፈሯ ሲያስጠጋው እጁን ያዝኩት።

"አይሆንም። ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ" አልኩት።

"እህቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በቁርባናችሁ አልገባም" አለ፤ ድምፁን አልጨመረም። "እናቴ ይኼው በሽታ አለባት። በረመዳን እንዲህ ሆና ወድቃብኛለች። ሼሁ መጥተው፣ አንቺ አትጾሚም፣ በጾምሽ ፈንታ ድሃ አብዪ አሏት። እኛም ጾም እናውቃለን። ይህ ጾም አይደለም።"

"የሚፈቅድ ካህን ልጠይቅ" አልኩት። "እስክመለስ ምንም እንዳትሰጣት።"

ወደ ውስጥ ሄድኩ። ቅዳሴው ላይ ናቸው፤ ካህናቱ መቅደስ ውስጥ ናቸው፤ የሚያናግረኝ የለም። በሩ ላይ ቆሜ አንድ ዲያቆን እስኪወጣ ጠበቅሁ። ዜማው ረዘመብኝ፤ ቢሆንም ሥርዓት አይቋረጥምና ቆምኩ። ምናልባት ሃያ ደቂቃ። በመጨረሻ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ሁኔታዬን አይተው ምን ሆነሻል አሉኝ። ነገርኳቸው። መርፌውንም ጾሙንም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም አንድ ላይ።

ዳዊታቸውን ዘጉት። "ይህን ልትጠይቂ ነው ጥለሻት የመጣሽው?" አሉኝ። "ሂጂ አጠጫት። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።"

ሮጥኩ። ከድር ቴርሞሱን እንደያዘ ተንበርክኮ አገኘሁት። አትስጣት ስላልኩት አልሰጣትም ነበር። ክዳኑን ከእጁ ነጥቄ ከንፈሯ ላይ አፈሰስኩት። ጥርሷ ገጥሟል። ሻዩ በአገጯ ወርዶ ነጩን ነጠላዋን አቀለመው።

ከድር ተሸከማት። ጋቢናው ውስጥ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ጭቃማውን ቁልቁለት ወረድን፤ እሱ ፍሬኑን እየረገጠ፣ በየጠመዝማዛው ቢስሚላህ እያለ። አንድም ጊዜ አልወቀሰኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ መንገዱ እያየ፣ "ልሰጣት ይገባኝ ነበር። የአንቺን ቃል ማክበር አልነበረብኝም" አለ። ያን ያህል ጥፋት ተሸክሜ፣ እሱም የራሱን ድርሻ ሲፈልግ ሰማሁት።

ሆስፒታል ስንደርስ ግሉኮስ በደም ሥሯ ሰጧት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ራሷን ከሳተች ስንት ሰዓት ሆናት ብሎ ጠየቀኝ።

"ራበኝ ያለችው ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የወደቀችው ከሦስት ደቂቃ በኋላ። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ነው" አልኩት።

ብዕሩን አቆመ። "ይህን ያህል በትክክል የምታውቂ ሰው ከሆንሽ..." ብሎ ጀመረና ተወው። መጨረሻውን እስከ ዛሬ እኔ ነኝ የምጨርስለት።

እትዬ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። በሕይወት ነበረች፤ ግን ያቺ ጫልቱ አልነበረችም። ቀኝ እጇ ነገር አይጨብጥም። ቃል ይጠፋባታል። ዳገቱን ሁሉ በእግሯ የምታውቅ ሴት ከቤታችን እስከ ጎረቤት ቤት መንገድ ይጠፋባት ጀመር። ቀልዷ የት እንደገባ አላውቅም፤ ከጎረቤት ጋር ስንስቅ ታየንና እኛን ለማስደሰት ፈገግ ትላለች። አእምሮ ስኳር ካጣ እንደ መብራት እንደሚጠፋ፣ ብዙ ከቆየ ደግሞ ተመልሶ ሲበራ እኩሉ ክፍል ጨለማ ሆኖ እንደሚቀር ያስረዳኝ ያው ሐኪም ነው።

ወደ ሲስተሯ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ካርዱን ተቀበለችኝና ከሁለቱ መስመር በታች ሦስተኛ ጻፈች፦ "ጾም ሲገባ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ።" ከዚያ፣ ለሌሎቹም ልጽፍላቸው ነው፣ እስከ ዛሬ መጻፍ ነበረብኝ አለች። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ከጾሙ ጋር ሊስተካከል ይችል እንደነበር፣ ለአንዳንዱ በሽተኛ ሊቻል ለአንዳንዱ ፈጽሞ እንደማይቻል ያኔ ነገረችኝ። መጠየቅ ብቻ ነበር የጎደለው።

የንስሐ አባታችን በሐኪሟ ፈቃድ፣ ቅዳሴው በጠዋት በሚያልቅበት የበዓል ቀን አቆረቧት። ደግፌያት ቆምኩ። ሙሉ ዕድሜዋን የናፈቀችው ቀን ደረሰ፤ እሷ ግን ምን እየሆነ እንዳለ አላወቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?" አለችኝ።

ይህን የምታነበው ማን እንደሆንክ፣ የምታነቢውም ማን እንደሆንሽ አላውቅም። አሁን አሁን ወጣቶች ጾሙን በሌላ ስም ይዘውት ሲመጡ አያለሁ፤ ይህን ያህል ሰዓት ተርቦ ይህን ያህል ሰዓት መብላት ይሉታል። ውፍረት ይቀንሳል፣ ስኳር ያስተካክላል፣ ሐሳብ ያጠራል ይላሉ። አልቃወማቸውም። እኔ ራሴ ዛሬም እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ። ባዶ ሆድ ጠዋቱን እንዴት እንደሚያጠራው፣ መጽሐፍ ሳነብ ፊደሉ እንዴት ጎልቶ እንደሚታየኝ፣ ከዘጠኝ በኋላ የሚቀመሰው ቁራሽ እንዴት እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ። የእትዬም ብርጭቆ ሰማያዊ ሆኖ አይቻለሁ፤ ውሸት አልነበረም። ያሳሳተኝም ያ እውነት ነው። አንድ ነገር ሲጠቅም ካየን፣ ቢጨመርበት የበለጠ ይጠቅማል ብለን ሰዓት እንጨምርበታለን። ለጤነኛ ሰው ረሃብ ነው የሚሆነው፤ ይታገሡታል። መድኃኒት ለሚወስድ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሚያጠባ፣ አቅሙ ለደከመ ሰው ግን ያው ሰዓት ሌላ ነገር ነው። ላብና መንቀጥቀጥ ትዕግሥት የሚፈተንበት አይምሰላችሁ። ለሐኪማችሁ ጾማችሁን፣ ለካህናችሁ ወይም ለሼሃችሁ መድኃኒታችሁን ንገሩ። ግማሽ እውነት ለሁለት ሰው ሲነገር አንድ ሙሉ እውነት አይሆንም።

እኔ ከዚያ በኋላ ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ጽዳቱን ትቼ በዚያው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አበዳሪ ሆንኩ። ከድርና እናቱ በየበዓሉ እትዬን እየመጡ ይጠይቋት ነበር። የተጻፈ ነገር አሁንም እወዳለሁ። ነገር ግን በደብተር ላይ እንከን የማጣበትን ሐሳብ ከእንግዲህ በሰው አካል ላይ አልሞክርም።

እትዬ ስድስት ዓመት ኖረች። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሰዓቱ፣ ምግቧን አቀርብላታለሁ። እጇን ታጥባ ትቀመጣለች፤ ግን አትጀምርም። ስሜ እንኳ የሚጠፋባት ቀን ነበር፤ ፈቃድ የምትጠይቀው እኔን መሆኑ ግን ጠፍቶባት አያውቅም። ቀና ብላ ታየኝና "ልብላ?" ትለኛለች።

"ብዪ፣ እትዬ" እላታለሁ።

እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ሳትጠይቀኝ አልጎረሰችም።